ልክ ገብቶ ዝም ያለው ካርድ

ውድ እትዬ፣

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! መንታ ናቸው ሲሉኝ አልገረመኝም፤ አንቺ ለምኑም ለምኑም መጠባበቂያ ሳትይዢ አትንቀሳቀሺም።

ወሬው ከሌላ ሰው ሳይደርስሽ ልንገርሽ፦ ሰርቨርሽን ፈትቼ ከፍቼዋለሁ። አትነሺ! ሁሉም ሰላም ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የድምፅ ቤተ መጻሕፍታችን ጸጥ አለ። መጻሕፍቱን ከሰርቨሩ ወደ ማዳመጫ አዳራሹ የሚያሻግረው የኔትወርክ ካርድ ተቃጥሎ ነበር። ዓይነ ስውሩ ጡረተኛ ዳኛ እኔ አንብቤ የቀዳሁትን የወንጀል ልቦለድ ሲያዳምጡ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተቋረጠባቸው።

አለቃችን፣ ያው ጋሽ ፀጥታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጥታ አልወደዱም። "እህትህ ጋ ልደውል" አሉ።

"ከወለደች ሳምንት አልሞላትም እኮ ጋሼ!"

"ለአንድ ሰዓት ብቻ ብቅ ትበል።"

አንቺን ስለማውቅ ፈራሁ። ስልኩን ካነሳሽ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ታቅፈሽ፣ ካቻቢቴውን በጥርስሽ ነክሰሽ ነው የምትመጪው። "እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ። ጋሽ ፀጥታ ከመጽሐፍ ሌላ ከፍቶ የማያውቀውን እጄን በጥርጣሬ አዩት።

"እስከ ምሳ። ከዚያ እደውላለሁ። እስከዚያው ለዳኛው መጨረሻውን በቃል ንገራቸው።"

"እንዳትሞክረው ልጄ!" አሉ ዳኛው ከአዳራሹ። "የስሚ ስሚ ማስረጃ አልቀበልም!"

መጠባበቂያውን ካርድ ከመሳቢያሽ አወጣሁ። ከተቃጠለው ይረዝማል፤ የበፊቱ የተሰካበት አጭር ስሎት ውስጥ አልገባ አለ። "ካልገባ አትግፋ፤ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው አይደለም" ትይ የለ? አልገፋሁም። ከዳር በኩል ረጅም ስሎት አገኘሁና እዚያ አስገባሁት። ቀጭ አለ። እንዴት ያለ ልክ መሰለሽ! ሰርቨሩን አበራሁት። የካርዱ መብራት ግን ወይ ፍንክች። አጠፋሁ፣ ነቀልኩ፣ መለስኩ። ቀጭ። ዝም።

ምሳ ደረሰ። ጋሽ ፀጥታ ስልካቸውን አውጥተው መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ኪሳቸውን ሲዳብሱ እኔ ሰርቨሩ ውስጥ አፈጠጥኩ። ለሁለት ፕሮሰሰር፣ ለሁለት አንጎል በይው፣ በተሠራው ዋና ሰሌዳ ላይ አንደኛው መቀመጫ ባዶ ነው፤ በፕላስቲክ ተከድኗል። የሰርቨሩ ክዳን ውስጥ የተለጠፈውን ሥዕል በጣቴ ተከተልኩ። የእኔ ስሎት የተያያዘው ከዚያ ከሌለው ፕሮሰሰር ጋር ነው! ለካ ካርዱ ሰው የሌለበት ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ በጨዋ ደንብ ሲያንኳኳ ነው ያረፈደው።

አጥፍቼ፣ ነቅዬ፣ ሰው ካለበት ወገን ወዳለው ረጅም ስሎት አዛወርኩትና ሰርቨሩን አበራሁት።

አረንጓዴ! እትዬ፣ አረንጓዴ በራ! ስዘል አናቴ ከመደርደሪያው ጋር ተላተመ፤ ግድ አልሰጠኝም። ከአዳራሹ የራሴ ድምፅ ማንበብ ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶም ዳኛው "እኔ እኮ ከምዕራፍ ሁለት ጀምሮ ፈርጄበታለሁ!" ሲሉ ተሰሙ። ጋሽ ፀጥታ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አልደወሉልሽም። እስከ ዛሬ ሌላው እንዲተኛ ስትነሺ ነው ያየሁሽ፤ አንቺን ያስተኛ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ይህን የማስተኛት ሥራ እንዴት እንደወደድኩት ብነግርሽ አታምኚኝም።

ዳኛው ደራሲውን አመሰገኑ። ጋሽ ፀጥታ ፈጣሪን አመሰገኑ። እኔ ምን እንደሠራሁ የሚገባው ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ የለም፤ ለማስረዳት ብሞክር ሁለቱም ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። ስለዚህ ተኚ፤ ጠግበሽ ተኚ። ስትነቂ ግን፣ እባክሽ፣ አንዴ ብቻ "ጎበዝ" በይኝ።

ከአሁኑ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቅሽ፣
ወንድምሽ