የዓሣ መረቡ

እሑድ፣ ጥር 15 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ አዋሳ

ባለፈው እሑድ ኳስ የአንዲት ሕፃን አፍንጫ ስላደማ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ለሕፃናት ደኅንነት» ብሎ ከሐይቅ ዳር አጥማጆች መረብ ሰበሰበ። ዛሬ ኳስ ሜዳ ስደርስ መረቡ የት ተወጥሯል? የክብር እንግዶቹ ወንበር ፊት ለፊት! ልጆቹን፣ የኔዋን ማርታን ጨምሮ፣ ባንዲራ እያውለበለቡ እንዲዘምሩ ከመረቡ ውጭ፣ በሜዳው በኩል ሣሩ ላይ ደርድሯቸዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጆቹ እኮ ውጭ ናቸው» አልኩት።

«ከእንግዶቹ ኋላ ቢቀመጡ ማን ያያቸዋል?» አለኝ፣ ሳያፍር። አይ ጭንቅላት!

ከእረፍት በፊት አንዱ ተከላካይ የጠለዛት ኳስ መረቡን መትታ ነጠረችና የማርታን ማጅራት አገኘችው። የምታለቅስ ልጄን አቅፌ ስነሳ፣ ሰውዬው ወደ እንግዶቹ ዞሮ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አያችሁ ጓዶች፣ መረቡ ሠራ!»

እነሱም አጨበጨቡ።