ሆን ብሎ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 12 ቀን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ከሄድሽ ወዲህ አልጋው ሰፍቶኛል፤ እኔ ግን አሁንም ግድግዳውን ተጠግቼ ነው የምተኛው። ዛሬ ስለ እማዬ ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት።

የቀድሞ ባልሽ «የት እንደደበቃችኋት ትነግሩኛላችሁ» እያለ በየቀኑ የስፌት ቤታችን በር ላይ መቆም ሲጀምር፣ እማዬ ከአባዬ ለቀረው ሽጉጥ በስሟ ፈቃድ አወጣች። የከተማችን ደንብ ራስን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ ይፈቅዳል፤ ግን ከውጭ መታየት አለበት። ማንበብ ስለማትችል ደንቡን ገልብጬ ሦስቴ አነበብኩላት። ከዚያ ወዲህ በቀሚሷ ላይ ቀበቶ ታጥቃ፣ ሽጉጡን በቀኝ ወገቧ አድርጋ ትሰፋለች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው።

ደንበኞች መጀመሪያ ደነገጡ። አንዷ «እትዬ፣ ልኬን የምትወስጂው በየትኛው ነው?» ብትላት፣ «አንቺ ብቻ ሆድሽን አትሳቢ» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ባለፈው ዓርብ ዝናብ ድንገት ወረደ። እማዬ ደጅ የተሰቀሉትን ልብሶች ልትሰበስብ ሮጠች። እንዳትበሰብስ ብዬ ከኋላዋ ካፖርት ጣል አደረግኩባት። ሽጉጡ ተሸፈነ። ያ ሰውዬ ለካ ማዶ ቆሞ ይህችን አጋጣሚ ነበር የሚጠብቀው! ወዲያው ስልክ ደወለ። ሁለት ፖሊሶች መጡ።

«እናት፣ መሣሪያ ሸሽገው ተገኝተዋል። ፈቃዱን ያምጡ» አለ ትልቁ።

እማዬ ቀጥ ብላ ቆማ ሰጠችው። ካፖርቱን ማን እንዳለበሳት ግን ትንፍሽ አላለችም። ፖሊሱ ፈቃዱን አጥፎ ወደ ኪሱ ሊከተው ሲል፣ ማዶ ያለው ሰውዬ ፈገግ ሲል አየሁት።

እኔን «ድዳዋ»ን ታውቂኛለሽ፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሰው እስኪያልቅ የምጠብቅ ነኝ። ወደ ፖሊሱ ጠጋ ብዬ «ደንቡ ‹ሆን ብሎ የሸሸገ› ነው የሚለው» አልኩ።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ!» አለኝ ትልቁ።

«ሆን ብሎ! እሷ አልሸሸገችም። ካፖርቱን ያለበስኳት እኔ ነኝ።»

ሁለተኛው ፖሊስ ከስልኩ ላይ ፈልጎ አነበበ። «ልጅቷ ልክ ናት» አለ። ፈቃዱን መለሱልን። ሰውዬውንም ሄደው አናገሩት፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ አይቆምም፣ መታጠፊያው ላይ ነው የሚቆመው።

ፖሊሶቹ ሲሄዱ እማዬ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ክሩን በመርፌው ማስገባት አቃታት። እኔ ሳስገባላት «ምነው ዝም ባልሽ፤ አሁን ያ ሰውዬ አንቺንም ጥርስ ውስጥ አስገባሽ» አለችኝ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትፈራ ኖራለች። እየፈሩ እንደዚያ ቀጥ ብሎ መቆም እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

«የሄድሽበት ምድር ይቀበልሽ፣ ክፉ ሰው ደጅሽን ይሳተው» ትልሻለች። «ደህና ነን ብለሽ ጻፊላት» ብላኛለች። ደህና ነን።

ስትመልሺልን ግን አድራሻሽን ፖስታው ላይ አትጻፊ።

ታናሽሽ፣
ድዳዋ