የሄሉ ኮምፒውተር አልበራም አለ

ማክሰኞ

አልበራም። ፋኑ ይዞራል፣ የኮምፒውተሩ ሳጥን መብራት ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀይ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሰርግ ቤት ይመስላል። ስክሪኑ ላይ ግን አንድ ነገር ብቻ፦ «ሲግናል የለም»። ከዚያ ድርግም።

ሄሉ ከኋላዬ ቆማ «ቢኒ፣ ፉገራህን ተው» አለችኝ። ፉገራ አይደለም ብል ማን ያምነኛል? ታላቅ እህቴ ናት፣ ታውቀኛለች። አንዴ የላፕቶፗን ምስል ገልብጬባት ግማሽ ቀን አንገቷን አጣማ ሠርታለች። የምሠራበት ጌም ቤት የማደርገውንም ሰምታለች፦ አንዱ ጉረኛ ሊያሸንፍ ሲል አቧራ የምጠርግ መስዬ የቴሌቪዥኑን ገመድ በሞተ ገመድ እቀይርበታለሁ። ስክሪኑ ይጠፋል፣ ቤቱ በጩኸት ይደበላለቃል።

ስለዚህ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የደበቅኩትን ነገር መፈለግ ጀመረች። ምንም የለም። ተነስታ ፊቴን አየችው። ያኔ ገባት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቡ ላይ ቤት የሚያሠሩ አንድ ሰውዬ የቤታቸውን ሥዕል በኮምፒውተር ሠርተሽ ቅዳሜ ጠዋት አሳዪኝ ብለዋታል። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አሮጌው ላፕቶፕ ሥዕሉን ሲከፍት ይሞታል። የአዲስ ኮምፒውተር ዕቃ ገዛች፤ «የሚገጥም ባለሙያ ልጥራ» ስትል «እኔ እያለሁ?» አልኳት። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ ባለሙያ። አፌ!

ቅዳሜ ሳይደርስ አበራዋለሁ። ጻፍኩ፣ አለቀ።

ረቡዕ

ራሙን አወጣሁ፣ እግሩን በላጲስ ጠረግኩ፣ መለስኩ። ምንም።
ምስል የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ነቅዬ ቀጭ እስኪል ሰካሁት። ምንም።
ሞኒተሩን ከኋላው መታ መታ አደረግኩት። አሮጌው ቴሌቪዥናችን በዚህ ይድን ነበር። ምንም።
የስክሪኑ ገመድ? እሱማ ከጌም ቤቱ መሳቢያ በራሴ እጅ ያመጣሁት ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ነገር አየሁ። የሳጥኑ ፋን ይዞራል፣ የካርዱ ፋን ግን አይዞርም። ለካ ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ የራሱ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው! ሽቦው ዕቃው የመጣበት ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሰካሁት። ፋኑ ተሽከረከረ። ጨፈርኩ። ስክሪኑ ግን አልጨፈረም።

እማዬ መጥታ «በራ?» አለች። አላስቻለኝም። «በርቷል እኮ፤ ግን ጾም ለገደፈ ሰው አይታይም» አልኳት። ዓይኗን አጥብባ ጥቁሩን ስክሪን ስታይ ቆየችና «ትንሽ ትንሽ ይታየኛል» አለች። ሳቄ አመለጠኝ። ማማሰያ ይዛ ከአራተኛ ፎቅ ቤታችን እስከ ሁለተኛ ፎቅ አባረረችኝ።

ስመለስ ሄሉ የሰውዬውን ቤት ወረቀት ላይ በእርሳስ ትሥላለች፣ ምናልባት ካልበራ ብላ። ሳጥኑን እንደገና ፈታሁት።

ሐሙስ

ሳጥኑን ታቅፌ መካኒሳ ሄድኩ። የታክሲው ረዳት «ለዕቃው የአንድ ሰው ትከፍላለህ» አለኝ።

«ልጄ ነው፣ ታሟል፣ ታቅፌው እቀመጣለሁ።»

«እሱም እንደ አባቱ ጭንቅላቱን ነው የሚያመው?» ታክሲው በሙሉ ሳቀብኝ። ከፈልኩ።

እዚያ ጋሽ ገመቹ ቴሌቪዥንም ኮምፒውተርም ይጠግናሉ። ሳጥኑን ከራሳቸው ስክሪን ጋር በራሳቸው ገመድ አገናኙት። በራ! እዚያው!

«አንተ ገመዱን የቱ ጋ ነበር የምትሰካው?» አሉኝ። የላይኛውን ቀዳዳ አሳየኋቸው።

«ይሄ የማዘርቦርዱ ነው፤ ያንተ ፕሮሰሰር ያለ ካርድ ምስል አያወጣም። ታች፣ ካርዱ ላይ ነው የሚሰካው። ካርዱን ለጌጥ ነው እንዴ የገዛችሁት?»

እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም። አራቱን ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁ። ሄሉን ጠራሁ፣ እማዬን ጠራሁ። ገመዱን ታች፣ ካርዱ ላይ ሰካሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!

ሲግናል የለም።

«መካኒሳ በርቶ ነበር» አልኩ።

«ጾም ሳትገድፍ ሄደህ ይሆናል» አለች ሄሉ። እማዬ እንኳ አልሳቀችም። ሄሉ ነገ ከሰዓት ለሰውዬው ደውላ አልደረሰልኝም ልትላቸው ነው። «እስከ ምሳ ስጪኝ» አልኳት። እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። እርሳስ መቅረጽ እምቢ ማለት አይደለም።

ኮምፒውተሩ ደህና ከሆነ የታመመው ሞኒተሩ ነው። ነገ እሱን።

አርብ

ሞኒተሩን ተሸክሜ ጌም ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ናቲ ከአንዱ ማጫወቻ ጋር በራሱ ገመድ አገናኘው። ቁልጭ ያለ ምስል። ኮምፒውተሩ ደህና፣ ሞኒተሩ ደህና። ታዲያ የታመመው ማነው? አገጬን ይዤ ስቀመጥ ናቲ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ያ ጉረኛ ሦስት ለዜሮ እየመራ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ያቺን የሞተች ገመድህን አምጣት እንጂ።»

መሳቢያውን ከፈትኩ። የለችም።

ከጤነኞቹ ጋር እንዳትቀላቀልብኝ ጫፏን ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌባት ነበር። ከናቲ አንድ ጤነኛ ገመድ ነጠቅኩ፣ ሞኒተሩን አቀፍኩ፣ ሮጥኩ። ቤት ደርሼ ስሰካው የከረምኩትን ገመድ ገለበጥኩት። ቀይ ነጥብ። ከማክሰኞ ጀምሮ ራሴን ስፎግር ከርሜያለሁ።

ጤነኛዋን ሰካሁ። በራ። አልጮህኩም። ቁጭ ብዬ አየሁት።

ሄሉ ውጭ ነበረች፤ ደወልኩላት። «በራ።»

«እማዬን ስጠኝ።»

እማዬ ስክሪኑን በጣቷ ነካ አደረገችና «የበራ ይመስላል፤ ግን ዛሬም ጾም ነው፣ እኔ እንጃ» አለቻት።

ሄሉ እየሮጠች መጣች። ሥዕሉን ከፈተችው፤ ሳይንገዳገድ ተከፈተ። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ በረንዳው። ሥራ ሳትጀምር ስለ ገመዷ ነገርኳት። ሰማችኝና «ከፊቴ ዞር በል» ብቻ አለች። ዞር አልኩና ሶኬቱ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ማንም ካውያ ሰክቶ ብሬከሩን እንዳያወርድብን። እማዬን ሁለት ጊዜ መለስኳት። የነገ ልብሷን ሳይተኮስ ትለብሳለች።

ቅዳሜ

ሄሉ ጠዋት ፍላሿን ይዛ ለቡ ሄደች። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ ስልክ የለም። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ። አምስት ሰዓት ላይ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

«ቢኒ፣ አልወደዱትም። ተቻኩሎ የተሠራ ነው አሉኝ። ሌላ ሰው ሊይዙ ነው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እነዚያ ቀናት የእሷ ነበሩ፤ እኔ ነኝ የበላሁባት። «የት ናቸው? አሁን መጥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ» አልኳት። ከጎኗ አንድ የታክሲ ረዳት «ጀሞ! ጀሞ!» ይላል። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች።

«ይቺ ስለ ገመዷ ናት» አለች።

ሰውዬው ወደውታል። የሳሎኑን ውስጥም ሥሪልኝ ብለዋታል። እኔን! በስልክ! ደግሞ በዚያ ድምፅ! ፉገራዋን ቆንጆ ሠርታዋለች፣ አልክድም።

ገመዷን በመቀስ ለሁለት ቆረጥኳት። ናቲ ያዝናል፣ ጉረኛው ይደሰታል። ሄሉ ቤት ከገባች ጀምሮ እያንጎራጎረች ነው። አሁን መሳቢያዋን እየበረበረች «ቀዩ የጥፍር ቀለሜ የት ሄደ?» ትላለች። ጌም ቤት ክፍቱን ትቼው ደርቋል። እሱን ገና አልነገርኳትም።