ቅንድቡ የኔ ነው

ማክሰኞ

ዛሬም ተጠየቅኩ። "ቲቸር፣ ተቆጡብን እንዴ?" አልተቆጣሁም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው ክፍል የገባሁት፤ አሲድና ቤዝ ማስተማር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ግን ቅንድቦቼ ወርደው ዓይኔ ላይ ስለተኙ እኔ ሳላውቀው ፊቴ ይቆጣል። "አልተቆጣሁም!" ስላቸው ደግሞ ድምፄም ተቆጣ።

በቃኝ። ቅንድቤን በቀዶ ሕክምና ላስነሳ ነው። አርብ፣ አዲስ አበባ። ቀጠሮው ከተያዘ ቆይቷል፤ የሕክምና ፈቃዴም ዛሬ ተፈረመ።

መምህር ፍቅሩ ሰማ። ከሸዋ መጥቶ ስፖርት የሚያስተምር፣ በሰው ጉዳይ ሁሉ አስተያየት ያለው ሰው ነው። መምህራን ሁሉ እየሰሙ "ሰዓዳ፣ በአርባ ስምንት ዓመትሽ ለማን ብለሽ ነው?" አለኝ።

"አንተስ ባለፈው ዓመት ጥርስህን ያስተከልከው ለማን ብለህ ነው?" አልኩት። ሻዩን ጨልጦ ወጣ። ትንሽ ድል ናት። ብትሆንም ድል ናት።

ረቡዕ

እናቴን፣ አዮን፣ ሳልነግራቸው መሄድ አልሆነልኝም። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ከሮቤ ጎባ ሄድኩ። አዮ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ነግሬያቸው ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ይሄ ግንባር የማን ነው?"

"የኔ ነው፣ አዮ።"

"የኔ ነው! የእናቴም ነበር። ምን አደረገሽና ነው የምታስቆርጪው?"

እንደማይቆረጥ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ከግንባር በላይ፣ ፀጉር ውስጥ፣ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በአንዱ ካሜራ ይገባል፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያ። ቅንድቡን ወደ ታች የያዘው ከውስጥ ይላቀቅና ወደ ላይ ተስቦ ይታሰራል። እንደ ድሮው ከጆሮ እስከ ጆሮ አይሰነጠቅም፤ ጠባሳውን ፀጉር ይሸፍነዋል። ባስረዳኋቸው ቁጥር የባሰ ዘገነናቸው። ካሜራ የሚለውን ባልተናገርኩ።

"አላህ የሰጠሽን መልክ ንቀሽ ነው" አሉኝ።

ይሄ አመመኝ። የእሳቸውን መልክ አልናቅኩም። የጠላሁት ቀኑን ሙሉ ግንባሬን ወደ ላይ ስወጥር ውዬ ማታ የሚመጣብኝን ራስ ምታት ነው። ሰሌዳው አናት ላይ የጻፍኩትን ለማየት እንደ ዶሮ አገጬን ማንሳቴን ነው። እውነቱን ካወጣሁት ደግሞ መስታወት ውስጥ የማየውንም አልወደውም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሳይመርቁኝ ወጣሁ።

ሐሙስ

አዲስ አበባ ገብተናል። ባለቤቴ ጀማል አብሮኝ ነው፤ የመለዋወጫ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ መጣልኝ። መንገድ ላይ ሲያስብ ሲያስብ ቆይቶ "ኡስታዙን ጠይቄልሽ ነበር" አለኝ። "ማየት ከከለከለሽ ሕክምና ነው፣ ለመዋብ ብቻ ከሆነ ግን አይሆንም ነው ያሉት። እና ሰው ሲጠይቅሽ ለዓይኔ ነው በይ።"

"ለዓይኔም ነው፣ ለመልኬም ነው። ግማሹን ደብቄ ግማሹን አላወራም። የልቤን ኒያ አላህ ያውቀዋል።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ዶዶላ ላይ ብርቱካን ገዝቶ ልጦ ሰጠኝና "እኔ እኮ ፊትሽን ለምጄዋለሁ" አለኝ። ጀማል ከዚህ የተሻለ ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ሐሳቤን ግን አላስለወጠኝም።

አስፕሪን ካቆምኩ ቆየሁ። የጥቁር አዝሙድ ዘይትም ተከልክያለሁ፤ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል ተብሏል። ከአሁን በኋላ እስከ ነገ ምግብ የለም። ርቦኛል።

አርብ፣ ጠዋት

ዶክተሯ በዕድሜ ታንሰኛለች። ቁጭ አድርጋ ግንባሬን በእስክሪብቶ አሰመረች፤ ሰው ሲተኛ ቅንድብ ቦታውን ይለውጣል አለች። ባለፈው፣ ቀጠሮ ስይዝ፣ የነገረችኝን ሁሉ እንደገና አስነገርኳት። የኔ ችግር ቅንድቡ ነው፤ የዓይን ቆቡ ብቻ ቢሆን ሌላ ዓይነት ሥራ ነበር የሚሠራልኝ። ለዘለዓለም አይቆይም፣ ዕድሜ ቀስ እያለ መልሶ ያወርደዋል። አናቴ ይደነዝዛል፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም። አንዱ ከሌላው ከፍ ሊል ይችላል። ግንባርን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የመጎዳት ዕድልም አለ። "ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ግን አይደርስም ብዬ አልዋሽዎትም" አለችኝ። ወደድኳት።

"ዶክተር፣ የደነገጠ ሰው እንዳያስመስሉኝ።"

"ትንሽ ነው የማነሳው። ሰዓዳ ሆነው ገብተው ሰዓዳ ሆነው ነው የሚወጡት።"

ፈርቻለሁ። መሄዴ ግን አይቀርም። ቢስሚላህ።

ቅዳሜ

አልቋል። ከዘመድ ቤት ነው የምጽፈው። ራሴ በፋሻ ተጠምጥሟል። ሕመሙ እንደፈራሁት አይደለም፤ የሕፃን ኮፍያ በግድ ያጠለቁብኝ ይመስላል። በትራስ ከፍ ብዬ ነው የተኛሁት። ማጎንበስ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም። ሶላቴን ቁጭ ብዬ ሰገድኩ። ጫማዬን ጀማል አሰረልኝ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር የመጀመሪያው ነው።

እሁድ

መስታወት ባላየሁ። እብጠቱ ወደ ታች ወርዶ ዓይኖቼን ሊዘጋቸው ምንም አልቀረው። ለማየት ብዬ መጥቼ ማየት ተሳነኝ! ይሄ እንደሚመጣ ተነግሮኝ ነበር፤ መነገርና ማየት ግን ለየቅል ነው። አለቀስኩ። ጀማል አየኝና ሳቀ፣ በመሳቁ ደነገጠ፣ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። መሳቅ ያማል።

አዮ አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም። ያጠፋሁት የለምና ይቅርታ አልጠይቅም።

ስልኩን ግን ትራሴ ሥር አላስቀምጠውም፤ እጄ ላይ ነው።

ቅዳሜ

ሳምንቱን አልጻፍኩም፤ የሚጻፍ አልነበረም። መተኛት፣ ሾርባ፣ የሚያሳክክ አናት። ትናንት ስፌቱ ወጣ፣ ዛሬ ሮቤ ገባን። ዓይኔ ተከፍቷል። ጉንጬ ግን ቢጫና አረንጓዴ ነው። አናቴ አሁንም ደንዝዟል፤ ሳበጥር የሌላ ሰው ፀጉር የማበጥር ይመስለኛል።

ጀማል መናኸሪያው ሳንደርስ ጥቁር መነጽር አቀበለኝ። እምቢ አልኩ። ከአውቶቡስ እንደወረድን ጎረቤታችን ሐሊማ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። እጄን ይዛ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "ማን መታሽ?" አለችኝ፤ ዓይኗ ጀማል ላይ። ምስኪን፣ ሻንጣ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ማንም አልመታኝም!" አልኩ፣ መናኸሪያው እስኪሰማ። "ቅንድቤን አስነስቼ ነው!"

ደላሎቹ ሳይቀሩ ዞሩ። ይዙሩ። ሐሊማ ጠጋ ብላ ግንባሬን አየችና "እንዴ፣ ይሄ ነገር ይነሳል እንዴ?" አለች። ቤት እስክንገባ ስትጠይቀኝ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ድንዛዜውንም ጭምር።

እሁድ

አዮ መጡ። አልጠራኋቸውም። ከጎባ ብቻቸውን በሚኒባስ መጥተው በሩን ከፍተው ገቡ። ሰላምም ሳይሉኝ አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ። ብዙ አዩኝ።

"የአባትሽን እህት መሰልሽ" አሉ በመጨረሻ።

አክስቴን አዮ ከራሳቸው ሠርግ ቀን ጀምሮ አይወዷትም። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። "ሰዓዳ ነኝ፣ አዮ።"

"ግራው ከቀኙ ከፍ ብሏል።"

ልክ ናቸው። ዶክተሯ እብጠቱ ጨርሶ ሲጠፋ ይስተካከላል ብላለች። ካልተስተካከለስ? አላውቅም። "ከፍ ይበል" አልኳቸው።

አገጬን ለቀቁት። ከዚያ "ኢንታላ ኮ" አሉ፤ ልጄ ሲሉኝ ድሮም በኦሮምኛ ነው። ግንባሬን ሳሙኝ። የአናቴ ድንዛዜ እስከዚያ ይደርሳል፣ ምንም አልተሰማኝም። አልነገርኳቸውም።

ሻይ ይዘን መስኮቱ ሥር ተቀመጥን። ትንሽ ቆይተው ብርጭቋቸውን አስቀመጡና በሁለት አውራ ጣታቸው የራሳቸውን ቅንድብ ወደ ላይ ገፍተው ወደ ውጭ አዩ።

"ያ ባሕር ዛፍ እንዲህ ረጅም ነው እንዴ?"

"ነው፣ አዮ። አድጓል።"

እጃቸውን ሲያወርዱ ቅንድባቸውም አብሮ ወረደ። ሻያቸውን አነሱ።

"ዶክተሯ ሴት ናት?"

"ሴት ናት።"

ሊሄዱ ሻሻቸውን ሲያስተካክሉ በር ላይ ቆም አሉ።

"ቀጣዩ ቀጠሮሽ መቼ ነው?"

"በሚቀጥለው ወር።"

"እኔን ሳትይዢ እንዳትሄጂ" አሉኝ።