ከጨዋታው ያስወጣነው ሰው

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ይድረስ ለውድ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ማኩረፉን አልተወም እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል። እናትሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የሸሚዜን ቁልፍ ትተክላለች። «ሰላም በልልኝ፤ ወፍራም ካልሲ ግዢ በልልኝ» ብላለች። ስለ ጨዋታሽ የምጽፍልሽ መስሏታል። አልዋሸኋትም፣ ነገሩ የጀመረው ከጨዋታ ነው።

እሑድ ስትደውዪ «አባዬ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?» ብለሽኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ስልኩን የሰጠኝ ፋብሪካው ነው፤ ማን አብሮን እንደሚሰማ እንጃ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አምና ለዕረፍት መጥተሽ፣ ለምትፈጥሪው ጨዋታ ከካርቶን ፋብሪካችን ትርፍራፊ ሰሌዳና ካርድ ስቆርጥልሽ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆመሽ ያስተማርሽኝ ዛሬም በጆሮዬ አለ። «የዘመኑ ጨዋታዎች መልካቸው ቢበዛም አጥንታቸው ጥቂት ነው» አልሽኝ። ሠራተኞችን በየቦታው ማሠማራት አለ፤ አንዱ የቀደመበት ቦታ ለሌላው አይሆንም። «አንዴ ልድገም» እያሉ ዕድልን መፈታተን አለ፤ የያዙት አልበቃ ብሎ ሲጨምሩ ሁሉንም ማጣት። ሁሉም በአንድ ወገን ሆኖ ከሰሌዳው ጋር የሚታገልበትም አለ። ደግሞ ከተጫዋቾቹ መሃል አንድ የተደበቀ ከሃዲ ያለበት። «ይኼማ የኛ ፋብሪካ ነው!» ብዬሽ በሳቅ ፈነዳን።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ በምሳ ሰዓት መጫወት ጀመርን። የጥገና ክፍሉ ሰው፣ ብሎን የምንለው፣ ዋናው ተጫዋች ነበር። በልጅነትሽ ትከሻው ላይ አሳፍሮ ፋብሪካውን ያዞረሽ፣ አንቺ ጋሼ ብሎን የምትይው። ቀጭን ሆኖ ራሱ ትልቅ ስለሆነ ስሙን ያወጣሁለት እኔው ነኝ። ጎርፉ በሰሌዳው ላይ እየጨመረ ሁላችንም አብረን የምንሸሽበትን ጨዋታ ይወድ ነበር። በተሸነፍን ቁጥር «አትጩኹ፤ ዋና የማልችለው እኔ እንኳ ዝም ብዬ እየሰመጥኩ ነው!» ይላል።

በዚህ መሃል አዲስ የምርት ኃላፊ መጣ። አንድ ቀን ከኋላችን ቆሞ ሲያየን ቆየና «ቆንጆ ነገር ነው። ከሃዲ ያለበትስ የለም?» አለ።

«አለ» አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ይኸው ሰው የመቁረጫ ማሽኖቹ መከላከያ ክዳን ሥራ ያጓትታል ብሎ ይነሳ አለ። ብሎን «ትእዛዙን በወረቀት ይስጡኝ» ቢለው «ቃሌ አይበቃህም?» አለው። ክዳኑ ተነሳ። አንድ ሳምንት ደህና ዋልን፤ ሁለተኛውንም ደህና ዋልን። በሦስተኛው፣ ከሙጫ ክፍል አዛውረዋት ከጎኔ የቆመችው ልጅ ሁለት ጣቶቿን ማሽኑ በላባት። ጩኸቷን ሰምቼ ማብሪያውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ «በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ።

ልጄ፣ ይኼን አልቻልኩም። የሆነውን ሁሉ በወረቀት አሰፈርኩና ስሜን ሳልጽፍ ለሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪዎች ላክሁ። መጥተው ማሽኖቹን ሦስት ቀን አሸጉ። ለብሎን እንኳ አልነገርኩትም፤ ላላስቸግረው ብዬ ነው እንዳልል፣ ፈርቼ ነው።

ኃላፊው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ አሥራ ሁለታችንን ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰብስቦ፣ ያንቺን ካርዶች እየበወዘ «እንጫወት። ከመሃላችን አንድ ከሃዲ አለ። እየጠቆምን እናገኘዋለን፤ የተጠቆመው ይወጣል» አለ።

እኔም አፌ አላርፍ ብሎ «ልጄ እኮ የዛሬ ጨዋታ ሠሪዎች ተጫዋች አያስወጡም ትላለች። የወጣው ሰው ዳር ቁጭ ብሎ ይሰለቻል» አልኩት።

«አይሰለችም፤ ሥራ እንፈልግለታለን» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ካርዱ ታደለ፤ የደረሰውን ገልጦ ያየ ግን የለም። እሱም ካርዱን ትቶ ተራ በተራ እኛን ያያል። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጄ ሳላዘው ተነሳ።

«ብሎን» አልኩ።

ብሎን ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ! ሰላሳ ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬ ሸጥከኝ?» ጨዋታ መስሎታል። ከዚያ አንዱ ደገመ፣ ሌላው ሠለሰ፤ ሁሉም ጣት ወደሱ ዞረ። «ለውጤቱ» ተብሎ ባዶ ወረቀት ዞሮ የጠቆምነውን ጽፈን ፈረምን። የመጀመሪያው ፊርማ የኔ ነው።

ሰኞ ስንገባ የብሎን ሳጥን ባዶ ነው። እሱን ከቤቱ ወስደውታል። ያ ወረቀት ከላዩ «የሠራተኞች ምስክርነት» የሚል ርዕስ በማሽን ተጽፎበት ፖሊስ ጣቢያ ደርሷል። ክዳኑን ያለ ትእዛዝ ያነሳው፣ ተመልሶ ለተቆጣጣሪዎቹ የጠቆመውም እሱ ነው ይላል። ነገሩ ነገ ከችሎት ፊት ይቀርባል።

ሚስቱ ማክሰኞ ቤታችን መጣች። አላለቀሰችም። «አንተ ወንድሙ ነህ፤ መጀመሪያ የፈረመው ማነው?» አለችኝ።

«እኔ አላውቅም» አልኳት።

እናትሽ ውኃ ሰጠቻት። ጠጥታ፣ አመስግናን ሄደች። ልጄ፣ ያቺ ምስጋና እንቅልፍ ነሳችኝ።

ትናንት ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ። ነገ ከዳኛ ፊት የማነበውን ሁለት ገጽ ሰጠኝና «ልጅህ ጎበዝ ናት አሉ። በታኅሣሥ ትመጣለች አይደል?» አለኝ። ስለ መምጣትሽ ለእናትሽ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷም የነገርኳት በዚያው ፋብሪካው በሰጠኝ ስልክ ነው። ቀጥሎ የምትኖሪበትን መንገድ ስም ነገረኝ፣ ልክ እኔ ፖስታ ላይ እንደምጽፈው። «እሺ» ብዬ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ምን ልበል?

ያን ወረቀት ግን አላነብም። ሌላ የምናገረው አለኝ፤ ያወቅሽው ይመስለኛል።

በፖስታ ቤት ሳይሆን በሰው እጅ ከምልክልሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለተቆጣጣሪዎቹ የጻፍኩት ቃል በቃል አለ፤ በራሴ እጅ ገልብጬዋለሁ፣ አሁን ስሜም ፊርማዬም አለበት። አስቀምጪው። ለማንም እንዳለሽ አትናገሪ፣ ጠበቃ ካልሆነ በቀር። በታኅሣሥ አትምጪ። ለእናትሽ ሥራ በዛብኝ በያት፤ ትቆጣሻለች፣ ቻያት። ቤትም ቀይሪ፤ እባክሽ ይኼን ሳትውዪ ሳታድሪ አድርጊው።

ጨዋታ መሥራትሽን እንዳትተዪ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ካርዱን የቆረጥኩትም ጣቴን ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

እሑድ እናትሽ ጋ እንደ ወትሮው ደውዪ። ስለኔ ጠይቀሽ «ወጣ ብሏል» ካለችሽ የት ብለሽ አታስጨንቂያት። ስለ ካልሲው አውሪያት።

የረገጥሽው መሬት ይጽናልሽ፤ ክፉ ዓይን ሲፈልግሽ ጭጋግ ይሁንበት፤ እውነት ስትናገሪ የሚሰማሽ ሰው አትጪ።

በስሜ ሌላ ወረቀት ቢደርስሽ፣ በሚያምር ፊደል ቢጻፍም ከዚህች ከተንቀጠቀጠችው ፊርማ ጋር ሳታስተያዪ እንዳታምኚው።

የሚወድሽ
አባትሽ