ግማሽ ካፕሱል

መስከረም 14

የአባባ መድኃኒት ደረሰ። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ፣ ሃያ አንድ ካፕሱል። የመድኃኒቱን ቅጽ የምሠራበት ሆስፒታል ፋርማሲ ቁጭ ብዬ ሞላሁ... ፋርማሲስቷም እኔ፣ አስታማሚዋም እኔ። «በቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት አለች?» ይላል። ሳቄ መጣ። ቤቱ ውስጥ ያለነው አባባና እኔ ነን። አርባ ዘጠኝ ሊሞላኝ ነው። ማን ሊያረግዝ? አባባ? «የለችም» ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ማስጠንቀቂያውንም አላነበብኩለትም። ለማን ብዬ?

መስከረም 20

አባባ «ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» አለ። ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ አሠራሩ ካልገባው አይነካም።

ካንሰሩን የሚያጠፋው መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም አልኩት። እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ጽዳት ሠራተኞች አሉት። የማይፈለግ ፕሮቲን ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ እነሱ ይበጣጥሱታል። መድኃኒቱ ካንሰሩን በሕይወት የሚያቆየውን ፕሮቲን ይዞ ምልክት አድራጊው ፊት ያቆመዋል። ሌሎች መድኃኒቶች ፕሮቲኑን ሥራ ያስፈቱታል። ይሄኛው ጭራሽ ያስወግደዋል።

«ገባኝ» አለ። «እኛም ጋ ሼፉ፣ አለቃችን፣ በጠመኔ ፉርጎው ላይ ኤክስ ያደርጋል። ኤክስ ካለበት እንፈታታዋለን። ለምን ብለን አንጠይቅም።» ካስተማሩኝ ሁሉ እሱ ይሻላል።

ከሰዓት ጋሽ ዲሪር መጣ፤ ለእሱም አስረዳው። አንድ ፉርጎ ሥር ተኝተው ብሎን ሲፈቱ የኖሩ ሰዎች። ጡረታ ከወጡ በኋላ ተጠፋፍተው፣ አምና ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተገናኙ። ያው የመቅኒ ካንሰር... «ወላሂ ኃይሌ፣ ይሄ በሽታ የባቡር ነው» ብሎ አሳቀን። ለእሱ መድኃኒቱ አልተገኘለትም። አንገቴን ደፋሁ።

ጥቅምት 19

የደም ውጤቱ መጣ። ብሷል። ለምን? ሁለተኛው ዙር መጥቶለት እየወሰደ... ካንሰሩ ለምዶት ይሆን? አንዳንዴ ምልክት አድራጊውን ራሱን አጥፍቶ ይገላገላል። ጠመኔ የሚይዝ ከሌለ መድኃኒቱ ማን ፊት ያቆመዋል? በዚሁ መንገድ የሚሠሩ አዳዲሶች ባሕር ማዶ ሙከራ ላይ ናቸው አሉ። እኛ ጋ እስኪደርሱ...

መጋዘን ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለአባባ «ደህና ነው» አልኩት።

ጥቅምት 27

ጉድ ነው። ጉድ።

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። አባባን ልወስደው በባጃጅ መጋላ ሰፈር፣ ጋሽ ዲሪር ቤት ሄድኩ። ናስራ፣ የጋሽ ዲሪር ምራት፣ በረንዳው ላይ ወረቀት ዘርግታ ካፕሱል ትከፍታለች። ዱቄቱን በማንኪያ ጫፍ ለሁለት ታካፍላለች። አንዱ ለአባባ፣ አንዱ ለጋሽ ዲሪር። የእነሱ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ሥራውን ለእሷ ሰጥተዋታል። ከመስከረም ጀምሮ! በየቀኑ! እኔ ሥራ ስገባ ካፕሱሉን ኪሱ ከቶ ይመጣ ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ አላበላለጥኩም» አለችኝ ናስራ፣ ደስ ብሏት።

አባባ ላይ ጮህኩ። በሰው ቤት። ቀና ብሎ አየኝና «ዲሪር እያየኝ ብቻዬን ልዋጠው?» አለኝ።

ናስራ ለመነሳት ግድግዳ ያዘች። ምነው አልኳት። ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል፤ ሦስተኛ ወሯ ነው።

ወረቀቱን፣ ማንኪያውን፣ ጣቶቿን... አየሁ።

ጥቅምት 28

«የለችም» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 30

ነገርኳቸው። ያው መድኃኒት ሽል ውስጥ ሌላ ፕሮቲን ይይዛል፤ እጅና እግር የሚሠራበትን። በዱቄት በኩል ምን ያህሉ ገብቷል? ሐኪሟም አያውቅም። ምንም ላይነካው ይችላል፣ ደግሞም...

ናስራ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ምን ላውቅ፣ እህቴ» ብላ እጇን እንደገና ታጠበች። አባባ ብቻ ጠየቀ።

«ጠመኔው ልጁም ላይ ይጽፋል?»

«ሊጽፍ ይችላል።»



ኅዳር 2

አባባ ተስሏል። ለቁልቢ ገብርኤል። የናስራን ልጅ ጣት በእጁ እስኪቆጥር ድረስ ያ መድኃኒት በአፉ ላይዞር። ሙሉውን ብቻህን ብትወስደው ገና ይሠራል እኮ አልኩት፤ ካንሰሩ አልለመደውም፣ ግማሽ ስለወሰድክ ነው! ተስፋ ያገኘሁት ባጣሁበት ቀን። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። «ስለት ነው» አለኝ። በቃ።

ጋሽ ዲሪርን ሙሉውን አንተ ውሰደው አልኩት፤ ናስራ እንዳትነካው እኔ እያመጣሁ ልሰጥህ። «ኃይሌ ያልዋጠውን አልውጥም» አለ። ካፕሱሎቹ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፈዋል።

ታኅሣሥ 19

ቁልቢ ሄድኩ። አባባ ወገቡን ይዞት ሻማውን በእኔ ላከ። ሰው ሁሉ ልጅ ስጠኝ ይላል። እኔ ስለቱን ፍታልኝ አልኩ። የንስሐ አባቱም ይፈታል ብለውት ነበር፤ እሱ ነው እምቢ ያለው።

ጥር 20

የናስራ አልትራሳውንድ። እጅ አለ፣ እግር አለ። እልል ልል ነበር። ግን ሕፃኗ እጇን ጨብጣዋለች፤ ጣት አይቆጠርም። ሴት ናት። ለአባባ ዋሸሁት፣ አሥሩም ታዩ አልኩት። «በማሽን አልተሳልኩም፤ በእጄ ነው» አለ። ደረቅ ሽማግሌ! ምናለ አንዴ እንኳ ለእኔ ቢያዝን?

መጋቢት 3

ጋሽ ዲሪር አረፈ። በዕለቱ ቀበሩት። አባባን በባጃጅ ወሰድኩት፤ ከባጃጁ መውረድ አቃተው። እዚያው ሆኖ አለቀሰ።

ሚያዝያ 22

የአባባ ኩላሊት እየደከመ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ መድኃኒቱ የሚለውጠው ነገር የለም አለ። ደስ ያለውን አድርጉለት አለ። ደስ የሚለውን አውቃለሁ... ናስራ ለመውለድ ስንት ቀን ቀራት?

ጸሎት አቁሜያለሁ። ምን ብዬ?

ግንቦት 26

ናስራ ትናንት ወለደች። ዛሬ ረፋድ ላይ እናቷ ደግፋት፣ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። አራስ ናት እኮ ብል ማን ሰማኝ፤ «አባ ኃይሌ እየጠበቁ» አለች። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። ሕፃኗን አልጋው ላይ፣ ደረቱ አጠገብ አስተኛቻት።

አባባ ዓይኑ በደንብ አያይም። በጣቱ ዳሰሰ። አንድ... ሁለት... መሐል ላይ ደከመውና ጠፋበት፤ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ማንም አላገዘውም። አሥር። የእግሯንም ቆጠረ። አሥር። ናስራ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። እኔም።

«ዲሪር ቢያያት» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «በይ አሁን አምጪው።»

ሐኪሙ ያለውን አልነገርኩትም። ናስራንና ልጇን ወደ ጓሮ አስወጣሁ። ጓንት አጠለቅኩ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ካፕሱሉን ምላሱ ላይ አስቀመጥኩለት፣ ውኃ ያዝኩለት። ከመዋጡ በፊት በምላሱ ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ሙሉው ነው?»

«ሙሉው ነው፣ አባባ።»

ዋጠው።