ጭምብል ለብሰው የመጡት ጎረቤት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኮልማን፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ያንን የግንባታ ብሎኬት ትሸከማለህ? ሚስትህ ጁሊስ እርግዝናው እንዴት ይዟታል? እኛ ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ልል ነበር፤ ዘንድሮ ግን ውሸት ይሆንብኛል፣ አባዬ ጎድሎብናል። ከምድር ወገብ በታች፣ እናንተ ዘንድ ጸደይ ሲሆን እዚህ ቅጠሉ ረግፎ፣ ጭቃው ከጫማ አልላቀቅ ብሏል።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ እንባዬ ቀደመኝ። በወረቀት ይሻለኛል።

የሙታኑ ምሽት፣ ሃሎዊን፣ ሲቃረብ እማዬ ዝም ዝም አለች። በዚያ ምሽት ለሞቱብን ሰዎች ሳህን ማስቀመጧን ታውቃለህ፤ ለአያቶቻችን አንድም ዓመት አስታጉላ አታውቅም። ዘንድሮ ግን «የአባዬን ወንበር ወደ ምድጃው ላስጠጋው?» ብላት፣ «ተይው! ሳህን ካስቀመጥኩለት እኮ ሞቷል ማለት ነው» አለችኝ። ለፋሲካ ከቀበርነው ወዲህ ሸሚዙን እየተኮሰች መልሳ ትሰቅላለች።

ልጄ ኦርላ ደግሞ ከሱቅ የላስቲክ ጭምብልና ዱባ ካልተገዛልኝ ብላ አስቸገረችኝ። እኔና አንተ ከአባዬ ጋር ያንን ድንጋይ የመሰለ የከብት መኖ ሥር ፋኖስ ልናደርገው ስንፈለፍል መዳፋችን ይላጥ አልነበር? የዛሬ ልጆች ዱባውን እንደ ቅቤ ይቆርጡታል። «ይህ ደግሞ የአሜሪካ ነገር ነው» ብዬ ባጉረመርም እማዬ ሳቀችብኝ። «ዱባውም የኛው ነው» አለች። «በረሃቡ ዘመን ሰዎቻችን በመርከብ አሜሪካ ሲሄዱ ልማዱን ይዘውት ሄዱ፤ እዚያ ከሥሩ ይልቅ ዱባ አገኙ። ስደተኛ ወፍሮ ሲመለስ በር ይዘጋበታል እንዴ?»

ከዚያ ኦርላን አስቀምጣ አጫወተቻት። ከቄሶቹም በፊት፣ ከብቶቹ ከተራራ ወርደው እሳት የሚነድበት ቀን እንደነበር፤ አሮጌው ዓመት ወጥቶ አዲሱ ሳይገባ በሩ ገርበብ እንደሚል፤ ሙታን ቤታቸውን ሊያዩ ስለሚመጡ ሰው እንዳይለዩት ፊቱን እንደሚሸፍን ነገረቻት። ልጅቷም «ታዲያ አያቴ ይመጣል?» አለቻት። እማዬ ተነስታ ወደ ዶሮዎቹ ወጣች።

ሲመሽ የሰፈሩ ልጆች ከረሜላ እየጠየቁ እየተንጫጩ አለፉ። ከነሱ በኋላ ሦስት የገለባ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ገቡ፣ እንደ ጥንቱ፣ ቃል ሳይተነፍሱ። የቤቱ ሰው ማንነታቸውን ካላወቀ አይናገሩም። ሁለቱን ወዲያው ለየናቸው፤ የመምህሯ ልጆች ናቸው። ሦስተኛው ግን ጎበጥ ያለ ሰው፣ የአባዬን ወንበር እያየ ድርቅ ብሎ ቀረ። ባሌ ዴርሞት ያላነሳው ስም አልነበረም፤ አንዱም አልሆነም። ኦርላ ቀሚሴ ውስጥ ተደብቃ «የሞተ ሰው ነው?» አለችኝ።

እማዬ እጁን አየች። ጫፉ የተቆረጠው አውራ ጣት! «ማላኪ ሩዋን፣ አውልቀው» አለች።

ጋሽ ማላኪ ራሳቸው ናቸው! እኛ ልጆች ሳለን በወሰን አጥር ከአባዬ ጋር ተጣልተው ደጃችንን ያልረገጡት፣ የቀብሩ ቀን እንኳ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ኮፍያቸውን አውልቀው የቆሙት። ገለባውን ሲያወልቁ ጉንጫቸው ረጥቧል። «በባዶ ፊቴ ለመምጣት አፍሬ ነው፣ ዊኒ። ዛሬ ማንም ማንም ቤት ይገባል ብዬ ነው» አሏት እማዬን።

«እሱ ቢኖር ያስገባህ ነበር?» አለች እማዬ ፍጥጥ ብላ።

«በውሻ ነበር የሚያባርረኝ።»

እማዬ ከት ብላ ሳቀች፤ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ተሰዳድበን ነበር ቀኔ የሚጀመረው። አሁን ማን ይስደበኝ?» አሉ።

ያኔ እማዬ ራሷ የአባዬን ወንበር ጎትታ ምድጃው ዳር አደረገችው። ድንቹን ከጎመኑ ጋር ደቁሳ፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ ሞላችበትና ከባዶው ወንበር ፊት አስቀምጣ «እንካ ብላ፣ የኔ ጌታ። ማላኪ መጥቷል» አለችው። ለጋሽ ማላኪም ፊት ለፊቱ አቀረበች። እንደዚያ ሲያለቅሱ እየበሉ፣ ሲበሉ እያለቀሱ አመሹ። አባቶቻችን ይህን ቀን ሲያወጡ ምን ያህል ብልህ ነበሩ፣ ወንድሜ! ፊት ሸፍኖ የሚታረቁበትን ምሽት ያስቀመጡልን።

እማዬ እንዲህ በይልኝ ብላለች፦ «ቀብሩ ላይ አልነበርኩም ብለህ አንጀትህን አትብላ። ማላኪ ከአጥር ማዶ ቆሞ ቀብሮታል፤ አንተም ከባሕር ማዶ ቀብረኸዋል።»

ጁሊን ሳምልኝ፤ የሚወለደውንም ከአሁኑ ሳመው። ዴርሞት እጅ ነስቷል፤ ኦርላ ከረሜላ አስቀምጬለታለሁ ትላለች፣ አትመናት። እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች። ጋሽ ማላኪም ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ አሁን ምድጃችን ዳር ተቀምጠው ሻዩ ቀጥኗል እያሉ ከእማዬ ጋር ይጨቃጨቃሉ።

እህትህ አትራክታ
ማዮ፣ አየርላንድ
ኖቬምበር 2 ቀን 2004